ተንደርበርዱ ከወራት በኋላ፦ የ1/24 ስቶክ ካር ኪት አዲስ አበባ ላይ

ፍርዴን ቀድሜ ልናገር። ይህን ኪት፣ ከእውነተኛው ፎርድ ተንደርበርድ የውድድር መኪና 24 ጊዜ ያነሰውን ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል፣ ከሳጥኑ አውጥቶ፣ መመሪያውን ተከትሎ ገጣጥሞ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ብቻ ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም። መቁረጥ፣ መሞረድ፣ ሽቦ መዘርጋት፣ የጎደለውን በራሱ እጅ መሥራት ለሚወድ ሰው ግን በዚህ ዋጋ ከዚህ የሚበልጥ መነሻ አላየሁም። ወራት አብሬው ቆይቻለሁ፤ ክረምቱንም በጋውንም ፒያሳ በሚገኘው ቤቴ አሳልፏል። ዛሬ ከሳጥኑ ሽፋን ሥዕል አጠገብ ባስቀምጠው ሁለቱ አንድ መኪና መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም የምወደው ይህን ያህል ሊለወጥ በመቻሉ ነው።

ስለ እውነተኛው መኪና ትንሽ ልበል፤ ያለ እሱ ኪቱን መመዘን አይቻልም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካው የመኪና ውድድር ድርጅት ናስካር በ1948 ተመሥርቶ ዋናው ውድድሩ በ1949 ሻርሎት ላይ ሲጀመር የሮጡት ከመሸጫ የወጡ የቤት መኪኖች ነበሩ፤ «ስቶክ ካር» የተባሉትም ለዚህ ነው። ይህ ኪት የሚያሳየው የ1980ዎቹ ፎርድ ተንደርበርድ ሲመጣ ግን ከፋብሪካው የቀረው መልኩ ነው። ከላሜራው ሥር ያለው በእጅ የተበየደ የቱቦ ሻንሲ፣ ከ358 ኪዩቢክ ኢንች (5.9 ሊትር ገደማ) የማይበልጥ ቪ8 ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ነው። ሹፌሩ ቢል ኤሊየት በ1987 ታላዴጋ በሚባለው የውድድር ሜዳ ላይ፣ የመነሻ ቦታ በሚለይበት ማጣሪያ፣ 212.809 ማይል በሰዓት የነዳው በተንደርበርድ ነው፤ በእኛ 342 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በዚያው የውድድር ሳምንት የሌላው ሹፌር የቦቢ አሊሰን ቢዩክ መኪና ጎማው ተቆርጦ ከመሬት ተነሣና የተመልካቹን አጥር ቀደደ። ከ1988 ጀምሮ በሁለቱ ፈጣን ሜዳዎች፣ በዴይቶናና በታላዴጋ፣ ፍጥነቱን ለመቀነስ ከካርብራተሩ ሥር የአየር መግቢያውን የሚያጠብ ቀዳዳ ያለው ሳህን እንዲገባ የተደነገገው ከዚህ በኋላ ነው።

ሞዴል ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ የሥራ መመሪያ ነው። የ1987ቱን የሚሠራ ሳህኑን አይጨምርም። የ1988ቱን የሚሠራ ደግሞ ከለስላሳ ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ቆርጦ፣ በመርፌ አራት ቀዳዳ በስቶ በካርብራተሩና በሞተሩ መካከል ያስገባል። መኪናው ወደ ኋላ ሲዞር እንዳይነሣ ጣሪያ ላይ የሚገጠሙት ክዳኖች የመጡት በ1994 ስለሆነ በዚህ መኪና ላይ ቦታ የላቸውም። እኔ የሠራሁት የ1987ቱን ነው።

ወደ ኪቱ እንግባ። ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ሻንሲው ነው። የእውነተኛው መኪና ሹፌሩን በግጭት ጊዜ የሚከላከለው ቱቦ ውፍረቱ 44 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/24 ሲሰላ 1.85 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ኪቱ ለዚህ በጣም ቀርቧል። ቱቦዎቹ በቀጭኑ ወጥተዋል፤ የኋላው ዲፈረንሻል፣ እሱን የሚይዙት ሁለት ረጃጅም ክንዶች፣ ሞላዎቹና አሞርዛተሮቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ። ጎዶሎው ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ግማሾች የተገናኙበት መስመር በየቱቦው ላይ ጎልቶ መታየቱ ነው። በምላጭ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጎ፣ በ800 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ረጅም ነው፤ ነገር ግን የተፋቀ ቱቦና ያልተፋቀ ቱቦ ቀለም ከተቀባ በኋላ ልዩነታቸው ከሩቅ ይለያል። ጊዜ ያጠረው ሰው ከሌላው ሁሉ ቢቀንስ እንኳ ከዚህ ላይ ባይቀንስ እላለሁ።

ቦዲው አንድ ወጥ ነው፤ ለብቻው የሚወጣው ኮፈኑ ነው። መልኩ ትክክል ነው፤ የፊቱ አፍንጫና የኋላው መስታወት አወራረድ የተንደርበርዱን የአየር ቅርጽ ይዟል። ችግሩ ውፍረቱ ነው። የጎማ መግቢያው ጠርዝ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ24 ሲባዛ 36 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እውነተኛው ላሜራ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የፓራፋንጎዎቹን ጠርዝ ከውስጥ በኩል በክብ ሞረድ እያሳሳሁ፣ ከውጭ ሲታይ ስል እስኪመስል ወሰድኩት። የመስኮቶቹንም ጠርዝ እንዲሁ። ከሠራኋቸው ለውጦች ሁሉ ብዙ መልክ የሰጠው ይሄ ነው፤ ወጪውም የብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው። ክፍተት ለመሙላት የመኪና ስቱኮ ይሠራል። ለትንንሹ ግን የኪቱ ክፍሎች ተያይዘው የሚመጡበትን ትርፍ የፕላስቲክ ዘንግ ቆራርጦ በአሴቶን አሟሙቶ እንደ ሙጫ ሲወፍር መቀባት ይሻላል፤ ሲደርቅ ራሱ ፕላስቲኩ ስለሆነ አይሰነጠቅም።

አሁን እኔ በጣም የምወደው ለውጥ፦ የፊት ጎማዎቹ አቋቋም። እነዚህ መኪኖች በሞላላው ሜዳ ላይ የሚዞሩት ወደ ግራ ብቻ ነው። ስለዚህ የፊተኛው ቀኝ ጎማ አናቱ ወደ ውስጥ፣ የፊተኛው ግራ ጎማ አናቱ ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሁለቱም ወደ ግራ ዘንበል ብለዋል ማለት ነው። ኪቱ ሁለቱንም ቀጥ አድርጎ ነው የሚያቆማቸው። የጎማ መያዣውን ዘንግ ከሥሩ ቆርጬ፣ ውስጡን በስቼ የወረቀት መያዣ ሽቦ አስገብቼ በጥቂቱ አጥፌ በሱፐር ግሉ አሰርኩት። የቀኙን ከግራው ትንሽ በለጥ አድርጌያለሁ። ከፊት ለፊት ሲታይ መኪናው ቆሞም ቢሆን ወደ ኩርባ የሚገባ ይመስላል። ስቶክ ካር የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው።

ሞተሩ ላይ ኪቱ የካንዴላ ሽቦ አይሰጥም። የእውነተኛው ሽቦ ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ1/24 ከ0.33 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የኤሌክትሪክ ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች ጋ የ0.3 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በቁራጭ ይገኛል፤ ላዩ ላይ ባለው ሽፋን ላይ ቀለም ጥሩ ይይዛል። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው የዚህ ፎርድ ዲስትሪቢዩተር ከፊት ነው፤ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-7-2-6-5-4-8 ነው። ሲሊንደሮቹ በቀኝ በኩል ከፊት ወደ ኋላ ከ1 እስከ 4፣ በግራ ከ5 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ሽቦዎቹን በዚሁ ቅደም ተከተል ዘርግቻቸዋለሁ። ኮፈኑን ከፍቶ የሚያየው መካኒክ ከሆነ ጣቱን እያስከተለ ይቆጥራል፤ እኔ ቤት የመጡት እንዲያ አድርገዋል። የመቀመጫ ቀበቶውን የሠራሁት ከፋርማሲ በሚገዛ የጨርቅ የቁስል ፕላስተር ነው። የእውነተኛው ስፋት 3 ኢንች ስለሆነ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ቆርጦ ጥቁር መቀባት በቂ ነው። የሹፌሩ መስኮት መረብም ከዚያው ፕላስተር፣ በአንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ተቆርጦ ተጠላልፏል።

ቀለም ላይ ረዘም ልበል፤ አዲስ አበባ ላይ ኪት የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚጨነቅበት እሱ ነውና። የስፕሬይ ቀለምም ሆነ ቲነር ተቀጣጣይ ስለሆነ በተሳፋሪ ሻንጣ አይፈቀድም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ኪቱን ያመጣል፤ ቀለሙን አያመጣም። መፍትሔው የመኪና ቀለም ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ ቀለም የሚቀላቅሉ አንድ ጋሼ አሉ። የኪቱን ቁራጭ ይዤላቸው ስሄድ አገላብጠው አዩትና «ይሄ እኮ ፓራውልት አይደለም፤ ቲነሩ ይበላዋል። ብን አድርግ፣ ይድረቅ፣ ደግሞ ብን አድርግ። አትቸኩልበት» አሉኝ። ልክ ናቸው። የመኪና ቲነር ኪቱ የተሠራበትን ፕላስቲክ፣ ፖሊስታይሪንን፣ ያቀልጣል፤ በአንድ ጊዜ በርከት ብሎ ከተረጨ ላዩ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጣጠቃል። መጀመሪያ ፕራይመር በስስ ጉም፣ ከዚያ በየመሃሉ እያደረቁ ሁለት ሦስት ስስ ንብርብር፣ ከዚያ ቀለሙ። ከድሮ ፍሪጅ በወጣ ኮምፕረሰር ነው የምረጨው፤ ድምፅ ስለሌለው ጎረቤት አይረብሽም። የኤርብራሹ (የትንሿ ቀለም መርጫ) ግፊት ከ1 እስከ 1.5 ባር ይበቃል።

ወቅቱ ራሱ ይወስናል። በሐምሌና በነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ይዞ ይቀራል፤ ከኮምፕረሰሩ የሚወጣውም አየር ውሃ ይዞ ይመጣል። በበጋ ደግሞ ቀለሙ ገና አየር ላይ እያለ ስለሚደርቅ ላዩ ይሻክራል፤ አቧራውም አለ። እኔ ፕላስቲኩን መፋቅና ሞተሩን መሥራት ለክረምት፣ ቦዲውን መቀባት ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ለጠዋት አድርጌዋለሁ፤ ነፋስ ሳይነሣ። በማድረቂያ የሚቀላቀለውን ባለ ሁለት ክፍል ቫርኒሽ የምትጠቀሙ ከሆነ ግን በረንዳ ላይም ቢሆን የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ሳታደርጉ አትርጩ። በማድረቂያው ውስጥ ያለው ኢሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክ ምንም አያግደውም።

ከሳጥኑ የመጣው ዲካል (በውሃ ተነክሮ የሚለጠፍ ምልክት) ቢጫ ሆኖ ነበር። በፕላስቲክ አሽጎ መስኮት ላይ መለጠፍ ፀሐይ እንዲያነጣው ያደርጋል፤ የእኛ የጥር ፀሐይ ለዚህ ጠንካራ ናት። ለትንንሾቹ ምልክቶች ይህንኑ አደረግሁ። ትልቁን ቁጥር ግን በቀለም ነው የሠራሁት፤ የኤሊየት መኪና ቁጥር 9 ነበር፣ እኔ ፱ አድርጌዋለሁ። ነጩን ቀድሜ ረጨሁ፣ ቴፕ ላይ የቁጥሩን ቅርጽ ከላይና ከታች ካሉት ስስ መስመሮች ጋር ቆርጬ ሸፈንኩ፣ ከዚያ ቀዩን ረጨሁበት። ቀይ በር ላይ ነጭ ፱ ሲወጣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል። ከወራት በኋላም ጠርዙ ስል ነው፤ የተለጠፉት ዲካሎች ግን በጣሪያው ኩርባ ላይ ጫፋቸው መነሣት ጀምሯል።

በጊዜ ብዛት የወጣው ትልቁ ጉድለት ጎማው ነው። ጎማዎቹ ቪኒል ናቸው፤ ቪኒልን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቀስ በቀስ እየወጣ የነካውን ፖሊስታይሪን ይበላል። የኋላው ቸርኬ ጎማው በተቀመጠበት ቦታ ላይ ለስልሶ አገኘሁት፤ መኪናው የቆመበት የፕላስቲክ ሰሌዳም አራት ጥቁር ምልክት ይዟል። አሁን በጎማውና በቸርኬው መካከል የምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም በስሱ ዞሯል፤ ሰሌዳውም በመስታወት ተተክቷል። ማንኛውም የቪኒል ጎማ ያለው ኪት የገዛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ይህን ያድርግ። የተቀረው ሁሉ ደህና ነው፤ የሻንሲው ማጣበቂያ የትም አልለቀቀም፣ ያጠፍኳቸው የፊት ዘንጎችም ክብደቱን ችለውታል።

እዚህ ያላገኘሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ዲካል ወደ ኩርባ የሚያስተኛ ፈሳሽና በጥሩ ብሩሽ የሚቀባ ስስ የፕላስቲክ ማጣበቂያ። ማጣበቂያው ተቀጣጣይ ስለሆነ በሻንጣ አይላክም፤ አሴቶን በቀጭን ብሩሽ ለአብዛኛው መጋጠሚያ ይተካዋል፣ ለሌላው ሱፐር ግሉ። የብርጭቆ ወረቀት እስከ 2000 ቁጥር፣ ፕራይመር፣ ስቱኮና ፖሊሽ የመኪና ቀለም ሱቆች ውስጥ ሞልቷል። ትንንሽ ሞረድና ጉጠት ምናለሽ ተራ በርካሽ ይገኛል።

ሁለተኛ ኪት ለማስመጣት አስቤያለሁ፤ በዚህ ጊዜ የሻንሲውን ያህል ለሞተሩም ጊዜ እሰጠዋለሁ። ሼቭሮሌ ይሆናል። ዲስትሪቢዩተሩ ከኋላ፣ ሞተሩን ከሹፌሩ ከሚለየው ግድግዳ አጠገብ ስለሆነ ሽቦዎቹ የሚዘረጉበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ቅደም ተከተሉም 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። የ0.3ቱ ሽቦ ከአሁኑ ተገዝቶ ተቀምጧል።