ለትንሿ የሪሞት መኪና፦ ናስ ወይስ አሉሚኒየም?

እንደ አክሲያል ኤስሲኤክስ24 ያለች ድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና ያለው ሰው የፕላስቲክ ክፍሎቿን በምን ልተካቸው ማለቱ አይቀርም።

ክብደት፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ናስ በእኩል መጠን የአሉሚኒየምን 3 እጥፍ ያህል ይመዝናል። ክብደቱ ታች፣ ጎማና አክሰል (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ሲያርፍ መኪናዋ ዳገት ላይ ቶሎ አትገለበጥም። በተለይ የፊት አክሰል ላይ ሲገባ ለውጡ ወዲያው ይታያል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ስጋት፦ ናስ ሲበዛ ሞተሩና ጎማን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ሰርቮ ይጨነቃሉ፤ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። አሉሚኒየም ይህ ጣጣ የለበትም።

ገጠማ፦ ሁለቱም ያው ብሎን መፍታትና ማሰር ናቸው።

ድንጋይ ለመውጣት ናስ፣ ግን ታች ብቻ። ሜዳ ላይ ለመንዳትና ለላይኛው ክፍል አሉሚኒየም።