«ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ»፦ በክስ መዝገብ ላይ የሰፈረ የዲጂታል ደኅንነት መመሪያ

ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ እና ታክቲካል ቴክ የተባሉት ድርጅቶች በጋራ ያዘጋጁት «ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ»፣ የሰብአዊ መብት ተሟጋቾችና የምርመራ ጋዜጠኞች ስልካቸውን፣ ኮምፒውተራቸውንና ሰነዶቻቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ የሚያስተምር፣ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኝ መመሪያ ነው። በአገራችን ስሙ በይፋ የተነሣው ግን በፍርድ ቤት ነው፤ በሐምሌ 2006 ዓ.ም. በዞን ዘጠኝ ጦማርያንና በጋዜጠኞች ላይ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 በቀረበው ክስ፣ በዚሁ መመሪያ መሠልጠን ከወንጀሉ ዝርዝር ጋር ተጠቅሶ ነበርና።

በቴክኒክ ረገድ የሚወጣለት እንከን ጥቂት ነው። ከሁሉም የሚልቀው ስለ ሰነድ አጠባበቅ የሚያስረዳው ክፍል ይመስለኛል። ቬራክሪፕት በተባለው ሶፍትዌር በተመሰጠረ፣ ማለትም ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ በተቆለፈ ማኅደር ውስጥ ሌላ ስውር ማኅደር ማበጀት ይቻላል፤ ባለቤቱ ተገድዶ አንዱን የይለፍ ቃል ቢሰጥ የሚከፈተው የውጭው ብቻ ሲሆን፣ የምንጮች ስም የተቀመጠበት የውስጡ ማኅደር መኖሩ እንኳ በቀላሉ አይታወቅም። እርግጥ የውጭው ባዶ ከሆነ ያስጠረጥራል፤ ምስጢር የሚመስሉ፣ ቢታዩ ግን ማንንም የማይጎዱ ሰነዶች ሊኖሩበት ይገባል።

ይህ ሁሉ ጥበብ ግን መመስጠሩን ራሱን የሴራ ምልክት አድርጎ ለሚቆጥር ዐቃቤ ሕግ መልስ አይሆንም። ምስጠራ በአንዳንድ አገሮች ሕገወጥ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ሕጉን ማጣራት ተገቢ ነው ቢባልም፣ ጦማርያኑን ያስከሰሳቸው ምስጠራን የሚከለክል ድንጋጌ ሳይሆን ማቀድን፣ መዘጋጀትንና ማሴርን በጅምላ የሚያስቀጣው የአዋጁ አንቀጽ 4 ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ከታሰሩት መካከል የመጨረሻዎቹ ከሽብር ክሱ ነጻ የተባሉት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ በቀጠሮ ብዛት የባከነውን ጊዜ የትኛውም የይለፍ ቃል አያስመልሰውም።

ስለዚህ መመሪያውን ብቻውን መያዝ በቂ ነው አልልም። ፍሮንት ላይን ዲፌንደርስ ለጠበቃ ክፍያ ጭምር የሚውል እስከ 7,500 ዩሮ የሚደርስ የጥበቃ ድጋፍ ስለሚሰጥ፣ ተጠቃሚው ከሶፍትዌሮቹ እኩል የማመልከቻውን ሥርዓት አስቀድሞ ቢያጠናና ለቤተሰቡም ቢያስረዳ ይበጀዋል፤ ስልኩ በተያዘ ማግስት የሚያመለክቱለት እነሱ ናቸውና። ቅሬታዬ፣ ሌት ተቀን የሚሠራው የድርጅቱ የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በሩሲያኛና በስፓኒሽ ሲያስተናግድ አማርኛን አለማካተቱ ነው።