የጭነት ቫን ነዳጅ ለመከታተል የትኛው ይሻላል? ደብተር፣ አፕ፣ ኦቢዲ ወይስ ጂፒኤስ

ደሴና ኮምቦልቻ መሀል ዕቃ የሚያመላልስ ሰው ተገናኝቶ ሻይ ሲጠጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ነው። መልሱም ሁሌ አንድ ነው፦ «አስር ገደማ»። ለክቶ የሚናገር ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ በናፍጣ ሃይኤስ ነው የምሠራው። ከኮምቦልቻ ጭኜ ደሴ፣ ሐይቅ፣ አንዳንዴ ወልዲያ ድረስ እወጣለሁ፣ እሁድ ማታ ደግሞ ለሰኞው ገበያ ወደ ባቲ እወርዳለሁ። ነዳጅ ከወጪዬ ትልቁ ስለሆነ መከታተያ መንገዶቹን አንድ በአንድ ሞክሬያለሁ። ጂፒኤሱን ብቻ ሦስት መኪና ያለው የአጎቴ ልጅ ጋ ሆኜ ነው ያየሁት። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

መጀመሪያ ግን ስለ መንገዳችን። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 አካባቢ። መሀላቸው 25 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከነጭነቱ ሦስት ቶን የሚመዝን መኪና ያንን 650 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ናፍጣ ይፈልጋል፤ መንገዱን ለመሄድ ከሚያስፈልገው ሌላ ማለት ነው። ስለዚህ ሐረጎን፣ ማለትም መሀላቸው ያለውን ዳገት፣ ሲወጣ ብቻ የለካ ሰው መኪናዬ ታማለች ብሎ ገራዥ ይሮጣል፣ ሲወርድ ብቻ የለካ ደግሞ ተአምር አየሁ ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ወሎ ውስጥ ደርሶ መልስ ያልተለካ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ የትኛውንም መሣሪያ ብትገዙ ይህ አይቀየርም።

አሁን ወደ ደብተሩ። ዋጋው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ነው፣ እኔ ግን እስካሁን ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ታንከሩን ሙሉ ትሞላላችሁ፣ ኪሎሜትሩን ትጽፋላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ እንደገና ሙሉ ትሞሉና የገባውን ሊትር ትጽፋላችሁ። 412 ኪሎሜትር ሄዳችሁ 41 ሊትር ከገባ በሊትር አስር ሄዳለች። በቃ። ተንኮሉ ያለው «ሙሉ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ናፍጣ ሲቀዳ አረፋ ይሠራል። አረፋው አፉ ጋ ሲደርስ መቅጃው ቀጭ ብሎ ይዘጋል፣ ታንከሩ ግን ገና አልሞላም። አንድ ሁለት ደቂቃ ስትጠብቁ አረፋው ይረግፋል፣ ከዚያ ሲጨመር እንደገና ይገባል። ቀጂው ወረፋ አለብኝ ብሎ ይቸኩላል፤ «ወንድሜ አብሽር፣ ትንሽ ጠብቀኝ» በሉት። ከተቻለ ያው ማዳያ፣ ያው መቅጃ፣ መኪናዋም በዚያው አቅጣጫ ትቁም። መሬቱ ካዘነበለ ታንከሩ ውስጥ አየር ይቀራል።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። በሁለት ሊትር ብትሳሳቱና የቀዳችሁት 20 ሊትር ከሆነ ስህተቱ አስር በመቶ ነው። 60 ሊትር ከሆነ ግን ሦስት በመቶ ብቻ። የሃይኤስ ታንከር 70 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ ሳይጎድል አትለኩ። በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ከገባበት ደግሞ ያንን ዙር ሰርዙት፤ ጀሪካኑ ውስጥ ስንት እንደነበር የሚያረጋግጥላችሁ የለም።

የስልክ አፕ በመሠረቱ ያው ደብተሩ ነው፣ ሒሳቡን ራሱ ይሠራል እንጂ። እኔ ፊዩሊዮን ነው የምጠቀመው። ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ ይህ ለእኛ መንገድ ትልቅ ነገር ነው፣ ሙሉ ሳትሞሉ ከቀዳችሁም «ሙሉ አይደለም» ብላችሁ ትመዘግባላችሁና ሒሳቡ አይዛባም። ነዳጅ በቴሌብር ስትከፍሉ መልእክቱ ስልካችሁ ላይ ስለሚቀር ማታ ቁጭ ብላችሁ መሙላትም ይቻላል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ስልኩ ሲጠፋ ወይ ሲሰበር መዝገቡም አብሮ ይሄዳል። ኮፒ አስቀምጡ። ደብተርና አፕ መሀል ምረጥ ካላችሁኝ፣ መጻፍ የሚቀላችሁን ያዙ፣ ሌላ ልዩነት የላቸውም።

ኦቢዲ የሚባለው ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ መሣሪያ ነው። በርካሹ የሚሸጡት አብዛኛዎቹ ኢኤልኤም 327 የሚባሉት ናቸው። እኔ አንዱን የገዛሁት «ማንኛውም መኪና ላይ ይሠራል» ተብዬ ነው። አይሠራም። የቆዩት ሃይኤሶች፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር ያላቸው፣ ናፍጣውን የሚረጩት በሜካኒካል ፖምፓ ነው። የሚነበብ የነዳጅ ቁጥር የሚልክ ኮምፒውተር የላቸውም። ስለዚህ የእናንተ ሞተር 5ኤል ከሆነ ኪሳችሁን አትንኩ። እንደ 2ኬዲ ያለ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ከሆነ ዕድል አላችሁ፤ ያም ሆኖ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ በር ላይ ሰክታችሁ፣ ሞተር አስነስታችሁ፣ ቁጥር መምጣቱን በዓይናችሁ እዩ።

ሌላም የማይነገር ነገር አለ። ብዙ ርካሽ አፖች የነዳጁን መጠን የሚገምቱት ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር ነው። ለቤንዚን ይህ ያስኬዳል፤ የቤንዚን ሞተር ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ገደማ ስለሚጠቀም አየሩን ካወቅክ ነዳጁን አወቅክ ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ግን እንደዚያ አይደለም። አየሩን እንደልቡ ይስባል፣ ናፍጣውን ደግሞ እግራችሁ ሲረግጥ ይጨምራል፣ ሲለቅ ይቀንሳል። በአየሩ የሚሰላ አፕ ናፍጣ ላይ የሚያሳየው ቁጥር ውሸት ነው። ታዲያ ኦቢዲ ለምን ይጠቅማል? ብልሽት ለማየት። የሞተር ሙቀት፣ የስህተት ኮድ፣ የተበላሸ ሴንሰር። መኪናዋ ድንገት ነዳጅ መብላት ስትጀምር ምክንያቱን ፍለጋ ያሳጥራል። ለዚህ ከሆነ ግዙት፣ ለሊትር ቆጠራ ግን አይሆንም።

ጂፒኤስ ከነዳጅ ዘንግ ጋር ከሁሉም ውዱ ነው። ታንከሩ ይበሳና ውስጡ የናፍጣውን ከፍታ የሚለካ ዘንግ ይገባል፤ መሣሪያው ሲም ካርድ አለው፣ በየወሩም ይከፈልበታል። የአጎቴ ልጅ ያስገጠመው ከሾፌሮቹ አንዱ ናፍጣ ይሸጣል ብሎ ጠርጥሮ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ስልኩ «ነዳጅ በድንገት ቀነሰ» ብሎ ደጋግሞ ጮኸ። ሾፌሩን ሊያባርር ደርሶ ነበር። ቦታውን ስናየው ሁሌም ሐረጎ ነው። ዳገቱ ላይ መኪናዋ ስታዘነብል ናፍጣው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ዘንጉም ጎደለ ይላል! የገጠሙት ሰዎች መሣሪያው ዳገት ላይ የሚመጣውን ጊዜያዊ መዋዠቅ እንዲያልፈው ማስተካከል ነበረባቸው፣ አላደረጉትም። ከተስተካከለ በኋላ በደንብ ሠራ፤ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ሞተሯ ጠፍቶ ናፍጣ ከቀነሰ ወይ ሰው ከታንከሩ ቀድቷል ወይ ታንከሩ ያፈሳል ማለት ነው። እባካችሁ በዚህ ነገር የሰው እንጀራ ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አረጋግጡ።

እንግዲህ የኔ ፍርድ ይኸው። መኪናዋን ራሳችሁ የምትነዱ ከሆነ ደብተር ወይም አፕ፣ ሌላ ምንም አትግዙ። አዲስ ሞተር ካላችሁና ብልሽት የምትጠረጥሩ ከሆነ ኦቢዲ ጨምሩ። ሦስትና ከዚያ በላይ መኪና ለሾፌር የሰጠ ሰው ጂፒኤስ ያስገጥም፣ ግን ከሾፌሩ ጋር ተነጋግሮና የሚቆጠበውን ናፍጣ ተካፍሎ ይሻላል። የአጎቴ ልጅ አሁን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ሾፌሮቹ ራሳቸው የጎማ ነፋስ ለማስለካት ጎሚስታ ጋ መቆም ጀምረዋል።

ቁጥሩ ከተያዘ በኋላ ማሻሻሉ ይቀላል። የኔ ደብተር ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። የጎማ ነፋስ በየሳምንቱ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ። ባዶውን የሚጮኸውን ፖርቶመጋላ ከጣሪያው ማውረድ። ሦስተኛው ቁልቁለት ነው። ማርሽ ፍሪ አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። አይቆጥብም። በማርሽ ስትወርዱና እግራችሁ ከነዳጁ ሲነሳ ሞተሩ ናፍጣ መርጨት ያቆማል፣ ጎማው ነው የሚያዞረው። ፍሪ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይቃጠላል፣ ፍሬኑም ብቻውን ይሸከማል። ሐረጎ ላይ የጋለ ፍሬን የሚሸተውን ሽታ የማያውቅ የደሴ ሰው የለም። ያንን ሽታ ስታሸቱ ቁሙና አቀዝቅዙት።

አንድ ነገር ልጨምር። ለዕቃ ጫኝ «በሊትር ስንት ኪሎሜትር» ብቻውን በቂ አይደለም። በኩንታል ስንት ሊትር ብላችሁም አስሉ። አምስት ኩንታል ጭኜ ከኮምቦልቻ ደሴ ደርሶ መልስ 5.5 ሊትር ሲፈጅብኝ በኩንታል 1.1 ሊትር ነው። አስር ጭኜ 6.2 ሲፈጅ ግን በኩንታል 0.62 ብቻ። መኪናዋ በሊትር የምትሄደው ቀነሰ፣ የኔ ወጪ ግን በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ይህን ካየሁ ወዲህ ግማሽ ጭነት ይዤ ከመውጣት ደሴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ያሉ ነጋዴዎች ጋ ደውዬ ለመሙላት እጠብቃለሁ፤ ስመለስም ባዶ እንዳልወርድ እዚያው ደሴ ጢጣ አካባቢ ወደ ኮምቦልቻ የሚላክ ዕቃ ካለ እጠይቃለሁ።