መቶ መወርወሪያ፣ የኢንሌ ሐር ወይስ የፋብሪካ ህትመት? የበርማን የቤተ መንግሥት ሐር ለመግዛት ላሰባችሁ

ጓደኛዬ ኢንተርኔት ላይ «የበርማ ቤተ መንግሥት ሐር፣ በእጅ የተሸመነ» የሚል አይታ አዘዘች። ሲደርሳት ቀለሙ ያምራል፣ ሞገድ የመሰለው ጥለቱም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገልብጠን ስናየው ግን ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ለካ ህትመት ኖሯል! የከፈለችው ደግሞ የሸማኔ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ፦ የአማራፑራውን ሉንታያ አቼይክ፣ የኢንሌውን ዚንሜ፣ እና እነሱን መስሎ የሚሸጠውን የፋብሪካ ጨርቅ። ሦስቱም ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ለታሜይን ነው። ታሜይን የበርማ ሴቶች ሽርጥ ነው፤ ወገብ ላይ ተጠቅልሎ ጫፉ ይሸጎጣል። የወንዶቹ ፓሶ ይባላል።

ሉንታያ ማለት «መቶ መወርወሪያ» ማለት ነው፤ አቼይክ ደግሞ ሞገድ የመሰለው ጥለት ነው። ስሙ ብዙም አላጋነነም፤ ጥለቱ ሲወሳሰብ ከመቶም ያልፋል። እኛ አገር ሸማኔ አንዷን መወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር ሲያመላልስ ላየ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። እዚህ ማጉ ከዳር እስከ ዳር አይሄድም። እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ትንሽ መወርወሪያ አለው። ድንበሩ ድረስ ይሄድና ከጎረቤቱ ቀለም ጋር ተቆላልፎ ይመለሳል። ሞገዱ ከፍ ዝቅ የሚለው ይህ ድንበር በየረድፉ ትንሽ ትንሽ ስለሚገፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሴቶች አንድ ሽመና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው የሚሠሩት። አንዷ ብትሳሳት የሌላዋም ልፋት አብሮ ይፈታል። ቀኑን ሙሉ ውለው የሚያወጡት ጥቂት ጣት ያህል ነው። አንድ ታሜይን ሳምንታት፣ ጥለቱ ከበዛ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ጨርቁ በኮንባውንግ ነገሥታት ዘመን የቤተ መንግሥት ሰዎች ልብስ ነበር። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1752 እስከ 1885 ነው። ማንዳላይ አጠገብ ያለችው አማራፑራም በ1783 ዋና ከተማ ሆና ነበር። የሽመናው አጀማመር ብዙ ጊዜ የሚያያዘው በጦርነት ተማርከው ዛሬ የሕንድ ግዛት ከሆነችው ከማኒፑር ከመጡ ሸማኔዎች ጋር ነው። የእመቤቶቹ ታሜይን ከፊት ክፍት፣ ከኋላ ደግሞ መሬት ለመሬት የሚጎተት ነበር። ከላይ ታይንግማቴይን የሚባል ፊቱ ክፍት የሆነ እጀ ጠባብ ይደረባል። በ1885 እንግሊዞች ንጉሥ ቲቦን ከዙፋን አውርደው ወደ ሕንድ አጋዙት። ልብሱ ግን አብሮ አልተጋዘም። ዛሬ ሙሽሮች ይለብሱታል፤ የምርቃት ቀንም አይጠፋም። የዘንድሮው ታሜይን ግን ዙሪያውን የተሰፋ ስለሆነ «የቤተ መንግሥት ልብስ» ተብሎ ሲሸጥላችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የሚጎተተውን ለአንድ ቀን ሰርግ የምትፈልጉት ከሆነ፣ እኔ ብሆን መከራየት ነው የምመርጠው።

ወደ ኢንሌ እንሂድ። ኢንሌ በሻን ግዛት ያለ ሐይቅ ነው። እዚያ የሚሸመነው ዚንሜ ሌላ ጥበብ ነው። ማጉ ገና ሳይሸመን በየቦታው ታስሮ ቀለም ይነከራል፤ ታስሮ የቆየው ክፍል ቀለም አይገባውም። ጥለቱ የሚወጣው ያ ክር ሲሸመን ነው። ስለዚህ የቅርጾቹ ጠርዝ ትንሽ ጭጋግ የነካው ይመስላል። አንዳንድ ገዢ ይህን እንደ ጉድለት ያየዋል። አይደለም፤ ማስረጃው እሱ ነው። መወርወሪያው እንደ ልቡ ስለሚሮጥ ከሉንታያ ይፈጥናል፤ በዚያው ልክ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀላል። እዚያው ሐይቅ ላይ ከሎተስ ግንድ የሚፈተል ክርም አለ። እሱ ግን ሐር አይደለም፣ በጣም ውድ ነው፣ ሲዳሰስም ወደ ተልባ እግር ጨርቅ ይጠጋል። ሐር ፈልጋችሁ ሎተስ ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

ሦስተኛው የፋብሪካው ነው። ብዙው ፖሊስተር ነው። አንዳንዱ የታተመ፣ አንዳንዱ በማሽን የተሸመነ ነው። በጥቂት ዶላር ይገኛል። በስሙ እስከተሸጠ ድረስ ምንም ነውር የለበትም። የእጁ ሉንታያ ግን ዋጋው በመቶ ዶላር ቤት ነው የሚጀምረው።

እንዴት ትለያላችሁ? ገልብጡት። ህትመት ከሆነ ጀርባው ይደበዝዛል። በማሽን የተሸመነው ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ከጥለት ጥለት የሚዘሉ ረጃጅም ክሮች ይታዩበታል። ሉንታያ ላይ ቀለሙ በሁለቱም በኩል ያው ነው፤ ድንበሮቹ ላይ ግን ክሮቹ የተቆላለፉበት ትንንሽ ጉብታ በጣት ይዳሰሳል። ሁለት ሞገዶችን አስተያዩ። የእጅ ሥራ ላይ ፍጹም መንታ አታገኙም።

የእሳት ፈተናውም አለ። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዛችሁ ለኩሱት። ሐር እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቃል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ይህ ግን የሚነግራችሁ ክሩ ምን እንደሆነ ብቻ ነው። እውነተኛ ሐርም በማሽን ይሸመናል። ብዙ ሻጭ ክሩን አቃጥሎ ያሳያችሁና ስለ ሽመናው ዝም ይላል።

እኔ ብጠየቅ? አውጥቶ ለመልበስ ዚንሜ። ቀለል ይላል፣ በየግብዣው ቢደጋገም አያሳቅቅም። ሉንታያን የሚገዛ ለልጁ ሊያወርስ ያሰበ ሰው ይግዛ። መካከለኛ መንገድም አለ፦ መወርወሪያው ያነሰ፣ ሞገዱ ሰፋፊ የሆነ የእጅ አቼይክ። በጥጥ የተሠራም ይገኛል። አይን የሚይዘው ሞገዱ እስከሆነ ድረስ እሱ ይበቃል።

የምትገዙት የተሰፋ ታሜይን ከሆነ ወገቡን እዩ። ከላይ ጥቁር የጥጥ ጨርቅ ይቀጠልበታል። ለጌጥ አይደለም፤ ሐር ያንሸራትታል፣ ጥጥ ይይዛል። እሱ ከሌለው መንገድ ላይ ያጋልጣችኋል። ሐሩን ማሽን ውስጥ አታስገቡ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ሁልጊዜ በአንድ መስመር ካጠፋችሁት እጥፋቱ ላይ ይሳሳል፤ ጠቅልሉት።

ከርቀት ለምታዝዙ፦ በመጋቢት 2025 ማንዳላይን 7.7 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቷታል፤ የአገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነትም አልበረደም። በእጅ የሚሠራ ነገር ቢዘገይ አይግረማችሁ። «ሉንታያ በሦስት ቀን ሸምነን እንልካለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ።

ጓደኛዬ ህትመቷን ቤት ውስጥ ትለብሰዋለች። ወጥ እየሠራች ሳይቀር። ሐር ቢሆን ኖሮ ከሣጥን አይወጣም ነበር።