የቪዮሌ-ለ-ዱክን እጅ ፍለጋ፦ የስድስት ቀን ጉብኝት ግምገማ

በፈረንሳይ የመካከለኛው ዘመን አብያተ ክርስቲያናትን የሚያስጎበኙ ድርጅቶች ሞልተዋል፤ የአንድን አርክቴክት የሥራ ዘመን እግር በእግር ተከትሎ የሚያስጎበኝ ግን እምብዛም አያጋጥምም። ባለፈው የጸደይ ወቅት የተሳተፍኩበት የስድስት ቀን ጉዞ ከፓሪስ ተነሥቶ፣ በሳን ዴኒና በቬዝሌ አድርጎ፣ በቱሉዝና በካርካሶን የሚያበቃ ሲሆን፣ እነዚህን ሁሉ ቦታዎች የሚያገናኛቸው የ19ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክትና የአሮጌ ሕንፃዎች አዳሽ ኧዤን ቪዮሌ-ለ-ዱክ ነው። ለአንድ ሰው 1,400 ዩሮ ከፍያለሁ። ይህ ዋጋ መጓጓዣን፣ ማደሪያን፣ ቁርስንና የአስጎብኚን ክፍያ ይጨምራል፤ ምሳና እራት በራስ ወጪ ነው። ቡድናችን አሥራ አንድ ሰው ብቻ ስለነበረ የአስጎብኚያችንን ድምፅ ለመስማት መጋፋት አላስፈለገም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደዚህ ጉዞ የገባሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር። ቪዮሌ-ለ-ዱክ ካደሳቸው ሕንፃዎች ፊት የቆመ ሰው የሚያየው ድንጋይ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ይሁን የ19ኛው በቀላሉ አይለየውም፤ አዳሹም አብዛኛውን ጊዜ እንዲለይ የፈለገ አይመስልም። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጉብኝት ገንዘቡን የሚያወጣው አሮጌውና አዲሱ የተጋጠሙበትን ቦታ በጣት ጠቁሞ ሲያሳይ ነው። አገልግሎቱን የመዘንኩት በዚሁ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ከጠበቅሁት በላይ አግኝቻለሁ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ተበሳጭቻለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት በፓሪስ፣ በሻዮ ቤተ መንግሥት ውስጥ በሚገኘው የሥነ ሕንፃ ሙዚየም አለፈ። ዋናው ሕንፃ እያለ ስለምን የጀሶ ቅጂ እናያለን ብዬ መጀመሪያ አጉረምርሜ ነበር። ከታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት በሮችና ምሰሶዎች ላይ በጀሶ የተቀዱት ቅርጾች ጎን ለጎን የቆሙበት ስብስብ መነሻው የቪዮሌ-ለ-ዱክ ሐሳብ እንደሆነ፣ እርሱ በ1879 ከሞተ በኋላም በ1882 ለሕዝብ እንደተከፈተ ስሰማ ግን ማጉረምረሜን ተውኩ። በቦታው ላይ አንገት አቅንተው የሚያዩት ቅርጽ እዚህ በዓይን ትይዩ ይገኛል፤ የመሮው ምት፣ የልብሱ እጥፋት፣ የተሰበረው ጣት ሁሉ ይታያል። በኋላ በየቦታው ያየሁትን ለመለየት የረዳኝ ይህ ጠዋት ነው።

አስጎብኚያችን የሰውየውን ሕይወት የነገሩንም እዚያው ነው። በ1814 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ የነገሥታቱን መኖሪያዎች የሚያስተዳድሩ ሹም ስለነበሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ከባለሙያና ከምሁር መካከል አደገ። የዘመኑ አርክቴክት ሁሉ የሚያልፍበትን የጥበባት ትምህርት ቤት፣ አንድ ዓይነት ሰው ያወጣል በሚል አልገባም ብሎ፣ ሙያውን በፈረንሳይና በጣሊያን እየተዘዋወረ ሕንፃዎችን በመሳል ተማረ። ታሪክ ሲቀልድ ደግሞ በ1863 በዚያው ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ተሾመ፤ ተማሪዎቹ በጩኸት አላናግር ስላሉት ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ። ይህን የመሰለውን ታሪክ አስጎብኚያችን ሳያጋንኑና ሳያሳጥሩ ይነግሩን ነበር፤ በስድስቱ ቀናት ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት የእርሳቸውን አነጋገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኖትር ዳም ካቴድራል አቀናን። ቪዮሌ-ለ-ዱክ ከአርክቴክት ዣን-ባፕቲስት ላሱስ ጋር ሆኖ የካቴድራሉን እድሳት የተረከበው በ1844 ሲሆን፣ ሥራው ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1864 ተጠናቋል፤ ላሱስ በ1857 ስለሞተ ከዚያ ወዲህ ያለው ውሳኔ የቪዮሌ-ለ-ዱክ ብቻ ነው። ከጣሪያው መካከል የሚወጣው ሹል ማማም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። የመካከለኛው ዘመኑ ማማ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አርጅቶ እንዲወርድ ተደርጎ ስለነበር፣ እርሱ በ1859 በኦክ እንጨትና በእርሳስ ልባስ ከቀድሞው የረዘመና ያጌጠ አዲስ ማማ አቆመ። ኤፕሪል 15 ቀን 2019 ካቴድራሉ ሲቃጠል ዓለም በቴሌቪዥን ሲወድቅ ያየው፣ ብዙዎችም የመካከለኛው ዘመን ቅርስ ነው ብለው ያለቀሱለት ማማ ይኸው ነበር። ካቴድራሉ በዲሴምበር 2024 እንደገና ሲከፈት በቦታው የቆመው ደግሞ የዚያ ማማ ቅጂ ነው። አስጎብኚያችን ይህን ካስረዱን በኋላ፣ «አሁን የምታዩት የማን ሥራ ነው?» ብለው ጠየቁን፤ ለጥቂት ጊዜ የመለሰላቸው አልነበረም።

በማማው እግር ዙሪያ ከነበሩት አሥራ ስድስት የመዳብ ሐውልቶች አንዱን በታብሌታቸው ላይ በፎቶግራፍ አሳዩን። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት፣ የቀሩት አራቱ የወንጌላውያን ምልክቶች ሲሆኑ፣ ለጥገና የወረዱት ቃጠሎው ከመድረሱ አራት ቀን በፊት ስለነበረ ሁሉም ተርፈዋል። ሌሎቹ ሐዋርያት ፊታቸውን ወደ ከተማው ሲያዞሩ ቶማስ ብቻ መለኪያ ዘንጉን ይዞ፣ ጀርባውን ለፓሪስ ሰጥቶ፣ ቀና ብሎ ማማውን ይመለከታል፤ ፊቱም የቪዮሌ-ለ-ዱክ ፊት ነው። ቶማስ የአርክቴክቶች ጠባቂ ቅዱስ ተደርጎ ስለሚታሰብ ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም የገዛ ሥራውን ለዘላለም እያደነቀ እንዲቆም ራሱን ያስቀረጸ ሰው ትሑት ነበር ለማለት ይከብዳል።

ካቴድራሉ ውስጥ ስንገባ ያሳዩን ነገር ደግሞ ለብቻዬ ብሄድ በጭራሽ የማላስተውለው ነው። የሕንፃው ሁለት ክንፎች በሚገናኙበት ቦታ አጠገብ ያሉት የላይኛው መስኮቶች ከሌሎቹ አጠር ያሉ ናቸው፤ ከሥራቸውም ክብ ቀዳዳ አለ። ቪዮሌ-ለ-ዱክ በሥራው ላይ ሳለ ከግንቡ ውስጥ ባገኘው ፍንጭ ተነሥቶ፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ግድግዳ አራት ደረጃ እንደነበረው አሳይቶ እነዚያን ብቻ ወደ ቀድሞ መልካቸው መለሳቸው፤ የቀሩትን በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተለወጡበት ሁኔታ ተዋቸው። ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ዘመን ይታያል። ለዚህ አንድ ማብራሪያ ብቻ የቀኑን ክፍያ ብከፍል አይቆጨኝም።

እዚህ ላይ ግን መርሐ ግብሩ አንድ ጉድለት አለበት። ከካቴድራሉ ሦስት በሮች በላይ የተደረደሩት ሃያ ስምንት ነገሥታት የቪዮሌ-ለ-ዱክ ዘመን ቀራጮች ሥራ ናቸው፤ የቀድሞዎቹ በአብዮቱ ጊዜ፣ በ1793፣ የፈረንሳይ ነገሥታት ናቸው ተብለው ተሰባብረዋል። በ1977 ከእነዚያ ውስጥ የሃያ አንዱ ራስ ከመሬት ተቆፍሮ ወጥቶ ዛሬ በክሉኒ ሙዚየም ይገኛል። ሙዚየሙ ከካቴድራሉ በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ መርሐ ግብሩ ውስጥ አልተካተተም። ከጉዞው በኋላ አንድ ቀን ጨምሬ በራሴ ሄድኩ። አፍንጫቸው የተሰበረ፣ በአንዳንዶቹም ላይ የጥንቱ ቀለም ርዝራዥ ያልጠፋ ትላልቅ የድንጋይ ራሶች ናቸው፤ ከበሮቹ በላይ ያሉት ንጹሕና እኩል ነገሥታት ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የማን እጅ እንደሆኑ ወዲያው ይታወቃል።

የሳን ዴኒን ባዚሊካ (ትልቅ ቤተ ክርስቲያን) ባጭሩ ልለፈው፤ ጉብኝቱም ባጭሩ አልፎታል። የሰሜኑ ማማ በ1837 መብረቅ ከመታው በኋላ ፍራንሷ ደብሬ የተባለው አርክቴክት እንደገና ሠራው፤ አዲሱ ግንብ ግን ከሥሩ ላለው ግድግዳ ከበደው፣ ተሰነጣጠቀም። ቪዮሌ-ለ-ዱክ በ1846 ኃላፊነቱን ሲረከብ የመጀመሪያ ሥራው ማማውን ማውረድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባዚሊካው ባለ አንድ ማማ ሆኖ ኖሯል፤ አሁን ሁለተኛውን መልሶ የመገንባት ሥራ ተጀምሯል።

የጉዞው እምብርት መሆን የነበረበት የቬዝሌ ባዚሊካ ነው። የቅርስ ዋና ተቆጣጣሪ የነበረው ደራሲ ፕሮስፔር ሜሪሜ በ1834 እዚያ ተቀምጦ ሲስል፣ ከጣሪያው ትናንሽ ድንጋዮች እየተላቀቁ በዙሪያው ይወድቁ እንደነበር ጽፏል። በ1840 እድሳቱ ለቪዮሌ-ለ-ዱክ ሲሰጠው ዕድሜው ገና 26 ነበር፤ ትልቅ ሕንፃም አድሶ አያውቅም። የድንጋዩ ጣሪያ ክብደት ግድግዳዎቹን ወደ ውጭ እየገፋቸው ስለነበር፣ መጀመሪያ በእንጨት አስደግፎ፣ ጣሪያውን የሚሸከሙትን ቅስቶች ቀለል አድርጎ መልሶ ሠራ፤ ከውጭ የሚደግፉትንም በአዲስ ተካቸው። ሥራው እስከ 1859 ዘለቀ። ይህ ባይደረግ ዛሬ የምንጎበኘው ፍርስራሽ ይሆን ነበር፤ ሰውየውን የሚነቅፍ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ፍትሐዊ ይሆናል።

ከዋናው አዳራሽ ገብተን ነጣ ያለና ጠቆር ያለ ድንጋይ እየተፈራረቀ የተሠሩትን ክብ ቅስቶች እያየን ወደ መሠዊያው ስንጠጋ፣ አስጎብኚያችን አስቁመው ቀና በሉ አሉን። በዚያ ጫፍ የነበሩት አራት የጣሪያ ክፍሎች ከቀሩት ዘግይተው፣ በጎቲክ ሥርዓት፣ ማለትም በሹል ቅስት፣ የተሠሩ ነበሩ። ቪዮሌ-ለ-ዱክ ሦስቱን አፍርሶ ከአዳራሹ ጋር እንዲመሳሰሉ በክብ ቅስት ሠራቸው፤ አንዱን ብቻ ተወው። የፈረሱት ሦስቱም የእውነት የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነበሩ። ከ1854 እስከ 1868 በአሥር ቅጽ ባሳተመው የሥነ ሕንፃ መዝገበ ቃላት ውስጥ፣ ሕንፃን ማደስ ማለት ምናልባት በየትኛውም ዘመን ኖሮ ወደማያውቅ ሙሉ ገጽታ መመለስ ነው የሚል ብያኔ እንደሰጠ አንብቤ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን እዚያ አንገቴን አቅንቼ ሳለሁ ነው። በመግቢያው ያሉት ሁለት በሮችም ይህንኑ ይናገራሉ። የውስጠኛው በር ራስ ላይ ክርስቶስ ሐዋርያቱን ሲልክ የሚያሳየው ቅርጽ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን ልብሱ በነፋስ እንደተመታ ይጠማዘዛል። በውጭው በር ላይ ያለው የመጨረሻው ፍርድ ቅርጽ ግን በ1856 ሚሼል ፓስካል የቀረጸው ነው፤ ምንም እንከን የለበትም፣ ምንም ነፋስም የለበትም።

ቅሬታዬም እዚሁ ነው። ከባዚሊካው አጠገብ፣ በእድሳቱ ጊዜ ተጎድተው የወረዱትና በቅጂ የተተኩት የምሰሶ ራሶች የተቀመጡበት አነስተኛ ሙዚየም አለ። ለእኔ የጉዞው ዓላማ ይህ ነበር፤ ዋናውን እዚህ አይቶ ቅጂውን ወጥቶ ማየት። ሆኖም አውቶቡሳችን በመንገድ ላይ በመርሐ ግብሩ ባልተጠቀሰ የወይን ጠጅ ማከማቻ ቆሞ አንድ ሰዓት ተኩል ስላሳለፈ፣ ለሙዚየሙ የቀረን ሃያ ደቂቃ ነው። ሁለት ራሶችን በቅጡ ሳላይ ወደ አውቶቡሱ ተጠራሁ። ወይኑን የጠሉ እንዳልነበሩ አምናለሁ፤ የከፈልነው ግን ለድንጋይ ነው። አስጎብኚያችንም የተደሰቱ አይመስሉም ነበር፤ ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን የአዘጋጁ ነው።

በቱሉዝ የሳን ሰርናን ባዚሊካ የሚታየው የቪዮሌ-ለ-ዱክ ሥራ ሳይሆን የሥራው መሻር ነው። ከ1860 ጀምሮ ባካሄደው እድሳት ጣሪያውንና የላይኛውን ግድግዳ እርሱ ትክክል ነው ብሎ ባሰበው መልክ ለውጦት ነበር። የተጠቀመበት ድንጋይ እየተበላ ሲመጣ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዳሾች የእርሱን እድሳት አንሥተው ሕንፃውን ከእርሱ በፊት ወደነበረበት መልክ መለሱት። ይህን በሥዕል አስደግፎ ማስረዳት ሲገባ፣ በዚያ ቀን የተመደቡልን ሌላ አስጎብኚ ስለ ከተማው ጡብ ቀለም ብዙ ተናግረው ስለ ጣሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አሉ።

ካርካሶን ላይ የመጀመሪያው አስጎብኚያችን ተመልሰው ነገሩን አቀኑት። ቪዮሌ-ለ-ዱክ ወደ ከተማዋ የመጣው በ1844 ለሳን ናዜር ቤተ ክርስቲያን እድሳት ሲሆን፣ የምሽጉን ግንብ የያዘው በ1853 ነው። የግንብ ማማዎቹን ሾጣጣ ጣሪያ በሰሜን ፈረንሳይ ልማድ በስስ ጥቁር ድንጋይ አልብሶታል እየተባለ እስከ ዛሬ ይወቀሳል። የቤተ ክርስቲያኑ ምዕራባዊ ግድግዳ ግን ከዚያ ይልቅ አስገረመኝ። ግድግዳው የጥንቱ ምሽግ አካል ነበር ብሎ በስሕተት ስላመነ ጫፉን እንደ ምሽግ አናት ጥርስ በጥርስ አድርጎ ሠራው። ጠባቂ ቆሞበት የማያውቅ የጠባቂ መከለያ ነው፤ ሲያዩት ግን ከዙሪያው ጋር እንዲህ ስለሚስማማ ካልተነገረዎት በቀር አይጠረጥሩትም።

ስለ ቀረው አገልግሎት ብዙ የምለው የለኝም። ማደሪያዎቹ ንጹሕና ለጣቢያ ቅርብ ነበሩ፣ ባቡሮቹም ሰዓታቸውን አከበሩ። ብዙ ደረጃና ረጅም ቆሞ ማዳመጥ ስላለ ጉልበት ለሚያማቸው አልመክርም። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር የግድ ያስፈልጋል፤ ድርጅቱ አያቀርብም፣ ይዛችሁ ኑም አላለንም፤ እኔ የተዋስኩት አብረውኝ ከተጓዙ አንዲት አዛውንት ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ፤ አንዱን ያስቀረሁት ስለ ወይን ጠጅ ማከማቻው ነው። አዘጋጆቹ በጽሑፍ ላቀረብኩት አቤቱታ በሰጡት መልስ በሚቀጥለው ዙር ለቬዝሌው ሙዚየም ሁለት ሰዓት እንደሚመድቡ ገልጸውልኛል።