ሐዋሳ ውስጥ ካሜራ ልታስገጥሙ ያሰባችሁ፣ ይህን ልጅ ሳታናግሩ ማንንም እንዳትጠሩ

የምስጋና ጽሁፍ አይሆንልኝም። ግን እማዬ "ጻፊለት እንጂ፣ ሰው ይወቀው" እያለች ሰሞኑን እረፍት ነስታኛለች። እሷ ባትለኝም ይህን ልጅ ሳላመሰግነው መቅረት ነውር ነው።

ነገሩ የመጣው በታኅሣሥ ገብርኤል ነው። የሐዋሳ ሰው ያውቀዋል፣ ለንግሡ ከተማው በእንግዳ ይጥለቀለቃል። እኛም ቤት ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሳይቀር ተኝቷል። በዓሉ ቀን ግልብጥ ብለን ወጣን። ስንመለስ የጋዝ ሲሊንደሩ የለም። የእማዬ የወርቅ ሐብል የለም። በሩ ደግሞ አልተሰበረም። ታዲያ ማንን ትጠረጥራለህ? ዘመድህን? ሠራተኛዋን? ተከራዮቹን? ከጠፋው ዕቃ በላይ ያመመን እሱ ነው። እርስ በርስ በጎሪጥ ስንተያይ ከረምን።

ያኔ ነው "ሳሎን ውስጥ የማይታይ ካሜራ እናስገጥም" ያልነው። መከራችንም ያኔ ጀመረ።

መጀመሪያ የሄድንበት ሱቅ የስልክ ቻርጀር የሚመስል ካሜራ ሸጠልን። "ማንም አያውቀውም" አለን። እውነቱን ነው፣ ካሜራ መሆኑን ራሱም አያውቀውም ነበር። ይግላል። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ከዋይፋዩ ይለያያል። ማታ የሚያሳየው ድፍን ጨለማ ነው። ልንመልስ ስንሄድ ባለሱቁ ቀና እንኳን ሳይል "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ወረቀት በጣቱ አሳየን።

ቀጥሎ የመጣው ባሰ። ቀብድ ወስዶ ዛሬ ነገ እያለ አመላለሰን። በመጨረሻ መጣና ሌላ ካሜራ ቡፌው መስታወት ውስጥ ከቶ፣ ስልኬን ተቀብሎ ነካክቶ፣ ቀሪ ብሩን ቆጥሮ ሄደ። ማታ ስንከፍተው ነጭ ጭጋግ ነው። ስንደውል አያነሳም። ሲያነሳ "ሲስተሙ ነው" ይላል። የትኛው ሲስተም? እግዜር ይወቀው።

ብስጭቴን ለሥራ ባልደረባዬ ሳወራላት ነው የዚህን ልጅ ቁጥር የሰጠችኝ። አቶቴ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ "ሰው በሰው ይምጣ" ነው የሚለው።

መጣ። "ኧረ ግባ፣ ግባ" ብንለው ጫማውን አውልቆ ገባ። መሰርሰሪያውን አላወጣም፣ አስቀድሞ ስልኬን ጠየቀኝ። አፑን ከፍቶ አየና ዝም አለ።

"እህቴ፣ ይሄ ካሜራ የተመዘገበው በማን ስልክ ነው?"

"በእኔ ነዋ።"

"አይደለም። ላንቺ ተጋርቶልሽ ነው የምታዪው። ባለቤቱ ሌላ ስልክ ነው።"

ጉልበቴ ከዳኝ። ያ ስልክ የማያነሳ ሰውዬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳሎናችንን ማየት ይችል ነበር ማለት ነው! አይቶ ይሁን አይሁን አላውቅም። እማዬ ማታ ማታ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ቅባት ስትቀባ ታየኝና ደሜ ፈላ።

ልጁ አልጮኸም። በራሱ ስልክ ደወለለት። የማያውቀው ቁጥር ሲሆን ጊዜ ሰውዬው ወዲያው አነሳ! "የእነዚህን ሰዎች ካሜራ ከስልክህ ላይ አጥፋው። አሁን፣ መስመር ላይ እያለህ" አለው። ጠበቀው። ሲጠፋ በእኔ ስም እንደ አዲስ መዘገበው። የይለፍ ቃሉን ስጽፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ለእኔም አትንገሪኝ" አለ። ይቺን እስከ ዕድሜ ልኬ አልረሳትም።

ካሜራውን ከመስታወቱ ጀርባ አውጥቶ ቡፌው አናት ላይ፣ ከሰርግ ፎቶው ጎን ሸጎጠው። ማታ የሚረጨው ብርሃን መስታወቱ ላይ ነጥሮ ራሱን ያሳውረዋል አለ። መብራት ሲጠፋ እንዳይቋረጥ ለራውተሩም ለካሜራውም ትንሽ ባትሪ አገናኘ። ሚሞሪው ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል አለኝ። ከዚያ በላይ ያስረዳኝን ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም። አዲስ ካሜራ ሊሸጥልን ይችል ነበር። "የገዛችሁት ይበቃል" አለ። "ለግቢው በር ግን ወደፊት የሚታይ ግጠሙ። ሌባው ገብቶ ከሚቀረጽ አይቶ ቢመለስ አይሻልም?"

ሌላም ነገር ጠየቀ፣ "ሠራተኛችሁ ታውቃለች?" ማታ ልነግራት እንዳሰብኩ ስነግረው መሰርሰሪያውን መልሶ አስቀመጠ። ጠራኋትና ነገርኳት። የምትተኛበት ክፍልና መታጠቢያ ቤት አካባቢ በምንም ተአምር እንደማይገጥም እሷ ፊት ተናገረ። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ያለ መብት ነው። እኛ ቤት ግን ያነሳው ጠበቃ አይደለም፣ መሰርሰሪያ የያዘ ልጅ ነው።

የቀረችው እማዬ ነበረች። "ልጄ፣ ክፍሌ ውስጥ ስጸልይም ያየኛል?" አለችው። እሱም ስክሪኑ ላይ የእሷን በር በጥቁር ሸፈነና "እስቲ እማማ፣ ገባ ወጣ ይበሉልኝ" አላት። እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ትገባለች፣ ትወጣለች። "አሁን አለሁ?" "የሉም።" "አሁንስ?" "አሁን መጡ!" ሐብሏ ከጠፋ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ቡና አፈላችለት፣ በረካውን ሳይጠጣ አለቀቀችውም። የተቀበለን የእጁን ዋጋና የባትሪዎቹን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሰሞን ስልኬ ሌሊት ሌሊት "እንቅስቃሴ አለ" እያለ ሲያስደነግጠኝ ደወልኩለት። መጥቶ አየው። ሸረሪት ሌንሱ ፊት ድር አድርታ ኖሯል። በለስላሳ ጨርቅ ጠረገና ሄደ። የባጃጅ እንኳን አልቀበልም አለ።

ሐብሉ አልተገኘም። ቢሆንም ቤታችን ውስጥ በጎሪጥ መተያየት ቀርቷል፣ እንቅልፍም ተመልሷል። ሐዋሳ ያላችሁ፣ በተለይ አቅመ ደካማ እናት ወይም አባት ቤት ጥላችሁ ሥራ የምትውሉ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ጥሩት። ካሜራ ያላችሁም ብትሆኑ በማን ስልክ እንደተመዘገበ ዛሬውኑ እዩ። ካልገባችሁ እሱን ጥሩት፣ ደግሜ እላለሁ፣ እሱን ጥሩት። ቁጥሩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ጠዋት ጠዋት መሰላል ላይ ስለሚሆን ላያነሳ ይችላል፣ ግን መልሶ ይደውላል።