ሚሞሪ የሚበላሽባችሁ ሁሉ ወደዚህ ልጅ ሂዱ

ይህን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። መገናኛ አካባቢ ስልክ ይጠግናል። ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ ትቼዋለሁ። ብቻ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጁን ይባርክለት።

ስልኬ ሚሞሪ አይበረክትለትም ነበር። አዲስ እገዛለሁ፣ ለተወሰነ ጊዜ ደህና ይሠራል፣ ከዚያ ፎቶዎቹ አልከፈት ይላሉ። ትንሿ ምስል ከውጭ ትታያለች፤ ስነካት ግራጫ ብቻ። ቆይቶ ደግሞ ሚሞሪው ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ የሚል ጽሁፍ ይመጣል።

ያልዞርኩበት ሱቅ የለም። አንዱ ቫይረስ ነው ብሎ ብር ተቀበለኝ። ሌላው ስልክሽ አርጅቷል፣ ቀይሪው አለኝ። መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ያው ሌላ ሚሞሪ ነው የሚሸጡልኝ። ከሁሉ አንጀቴን ያሳረረኝ ሳይጠይቀኝ ፎርማት ያደረገው ነው። "ይኸው ጸዳልሽ" ብሎ ሰጠኝ። ውስጡ ምን እንደነበረ እንኳ አላሳሰበውም። ደጁ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

እዚህ ልጅ ጋ የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት። ገና ሚሞሪውን ላወጣ ስል "ቆይ እህቴ፣ ምንም አትንኪ" አለኝ። ከዚያ ይጠይቀኝ ጀመር። በስንት ገዛሽው? ችግሩ ወዲያው ነው የሚጀምረው ወይስ ብዙ ፎቶ ካነሳሽ በኋላ? ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሌም ብዙ ካነሳሁ በኋላ ነው ስለው ነገሩ የገባው መሰለኝ።

ምንም ከማድረጉ በፊት የሚከፈቱትን ፎቶዎች በሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠልኝ። የልጄ የ80 ቀን ክርስትና ፎቶ እዚያ ነበር። እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ሕፃኗን ታቅፋ። ስክሪኑ ላይ ስትወጣ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ከዚያ ሚሞሪውን በፋይል እየሞላ መልሶ ያነበው ጀመር። እንዴት እንደሚሠራ አልገባኝም፤ ጊዜ ግን ወሰደ። ወንበር ሰጥቶ፣ ሻይ አዞልኝ ጠበቅኩ። ለካ ላዩ ላይ 128 ጂቢ ይላል እንጂ የሚይዘው 8 ጂቢ ገደማ ነው! ፎርጅድ ነው። ስልኩም ተታሎ 128 ብሎ ያሳያል። ስምንቱ ከሞላ በኋላ ያነሳሁት ሁሉ ከንቱ ነበር። የራሱን ሚሞሪ ስልኬ ውስጥ ከቶ ሞከረና "ስልክሽ ጤነኛ ነው፣ እንዳትቀይሪው" አለኝ።

የቀሩትን የክርስትና ፎቶዎች እንዲያወጣልኝ ለመንኩት። "እነዚህ መጀመሪያውኑ አልተቀመጡም። አወጣልሻለሁ ብዬ ብርሽን አልበላም" አለኝ። አዘንኩ፣ ግን እውነቱን ነገረኝ። ሚሞሪ እንኳ ግዢኝ አላለም። ከምታምኝበት ቦታ ግዢና ከመጠቀምሽ በፊት አምጪው፣ ልፈትሽልሽ ነው ያለኝ። ያስከፈለኝ ብር ለመናገር ያሳፍራል። ጨምሬ ብሰጠው መለሰልኝ። እንዳለው ገዝቼ ወሰድኩለት፣ ፈተሸልኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ፎቶ አልጠፋብኝም።

እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ሥራ ሊበዛለት ይገባል። እባካችሁ ሂዱለት፣ ለሌላም ንገሩ። አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ሚሞሪውን ከነስልኩ ያዙ፤ ስልኩ ፎርማት አድርግ ቢላችሁም ልጁ ሳያየው እሺ አትበሉ።